«በነበረበት ሁኔታ ይቆይ» ተብሎ ስለታሸገው ኮምፒውተራችን

ለተከበሩ የአካባቢያችን ፀጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ እጅዎ ስትገባ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ጸሐፊዎም፣ ማኅተምዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የማኅተምዎን ጤንነት አጥብቄ የምጠይቀው፣ ባለፉት ሁለት ወራት ከእርስዎ ይልቅ ከእሱ ጋር ብዙ ስለተገናኘሁ ነው። እኔ ደኅና ነኝ፤ ባለቤቴም ደኅና ናት። አባቴ ደኅና ይሁኑ አይሁኑ ስለማላውቅ ግን በእሳቸው ስም ሰላምታ ለማቅረብ አልደፈርሁም።

በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በግል የጻፍኋቸው አምስት ደብዳቤዎች ፋይልዎ ውስጥ ተመቻችተው ተኝተዋል፤ የተኛ መቀስቀስ ነውር መስሎኝ ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ያሽከረከሩ ጡረተኛ ናቸው። ከሦስት ዓመት ወዲህ የመርሳት ሕመም ስለያዛቸው ጡረታ መውጣታቸውንም ረስተውታል። በየማለዳው ኮታቸውን ለብሰው ሳሎን ይቀመጡና «ተራዬ ደረሰ?» ይላሉ። ባለቤቴ «ገና ነው አባባ፣ መኪናው እየታጠበ ነው» ስትላቸው እሺ ብለው ይቀመጣሉ። በዚህች አንዲት መልስ ሦስት ዓመት ኖርን። ይሁንና እኔ ቢሮ እውላለሁ፣ ባለቤቴም በጓሮ ክፍል ልብስ ትሰፋለች፤ ስለዚህ ዐይን ለመጨመር ብለን ካሜራ ለማስገጠም ወሰንን።

የገጠመልን በሠፈራችን «ፕሮሰሰር» በሚል ቅጽል የሚታወቀው ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ስድስት ካሜራ ሰቀለልን፤ ስድስተኛው ከአጥሩ በር በላይ ሆኖ መንገዱን የሚያይ ነበር። ካሜራ መስቀሉስ ቀላል ነው፤ ጭንቁ የስድስቱን ምስል ባንዴ የሚሸከመውን ኮምፒውተር መምረጡ ነው። ፕሮሰሰር ከአንድ ቢሮ የወጣ አሮጌ ኮምፒውተር ከነተራ ዲስኩ ይዞልኝ መጥቶ ነበር፤ እኔ ግን አሻፈረኝ አልሁ። ቀን ከሌት ሲቀዳ የሚግል፣ የሚንተባተብ፣ በሳምንቱ ድርቅ ብሎ የሚቀር ዕቃ ለአባቴ ጠባቂ አይሆንም አልሁት። ፈጣን ፕሮሰሰር፣ ሰፊ ራም፣ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራና ቢጽፍ ቢጽፍ የማይታክተው ዲስክ፣ ሁለት ማራገቢያ፣ መብራት ቢጠፋ አራት ሰዓት የሚያቆይ ባለ ሁለት ባትሪ ዩፒኤስ አስመጣሁ። «ጋሼ፣ እንግዲህ ይሄን አንተ ካላጠፋኸው በቀር የሚያጠፋው የለም» አለኝ ጠጋኙ። እኔም ይህን ሰምቼ ኮራሁ።

ከዘጠኝ ሳምንት በፊት፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ባለቤቴ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ሳለ አባቴ ጥያቄያቸውን ጠየቁ፤ የሚመልስላቸው አልነበረም። ወደ ጓሮው ሁለት ጊዜ ዘወር ብለው አዩ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ወጡ። የአጥሩን በር ቀርቅሮ መሄድ የእኔ ፋንታ ነበር፤ ያን ዕለት አልቀረቀርሁትም። ስድስተኛው ካሜራ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ አይቷል። አንዲት ነጣ ያለች መኪና ቆመችላቸው፤ አባቴ እንደ ልማዳቸው ወደ ሹፌሩ በር ሄዱ፤ የሹፌሩ እጅ ወጥቶ በወዲያኛው በኩል እንዲገቡ አመለከታቸው፤ ዞረው ገቡ፤ መኪናዋ ሄደች። ታርጋዋ ለሁለት ሰከንድ ያህል ይታያል፤ ደቃቃ ስለሆነ ግን በዐይን አይለይም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ በዚህ ጉዳይ ላይ ያደረጉልንን ውለታ በቁጥር ላስቀምጥ።

1. ስለ ማስታወቂያ ሰሌዳዎ። ፕሮሰሰር ዲስክ ስንመርጥ ምስሉ ስንት ቀን እንዲቆይ እንደምፈልግ ጠይቆኝ ነበር። ባለ አራት ቴራባይቱ ዲስክ ለስድስት ካሜራ አሥራ አምስት ቀን ይይዛል፤ ሲሞላ የድሮውን እየደመሰሰ በላዩ ላይ ይቀዳል። ባለ ስምንቱ ወር ይይዛል። እኔ ደግሞ በጽሕፈት ቤትዎ መግቢያ ላይ «ማንኛውም የማስረጃ ጥያቄ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ ያገኛል» የሚለውን በመስተዋት የተሸፈነ ጽሑፍ አንብቤ ነበር። አሥር የሥራ ቀን ከነቅዳሜና እሑዱ ሁለት ሳምንት ነው፤ አንድ ቀን ትርፍ አለኝ ብዬ ባለ አራቱን ያዝሁ። አንድ ዜጋ የመንግሥትን ቃል አምኖ ዲስክ ሲገዛ ምናልባት የመጀመሪያው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

2. ስለ ትጉህ መርማሪዎ። በማግሥቱ ማክሰኞ መጣ፤ ጫማውን በር ላይ ጠርጎ መግባቱን ባለቤቴ እስካሁን ታነሣዋለች። ምስሉን አብሮን አየ። «ይሄ ሲጎላ ይነበባል፤ ባለሙያ ያጎላዋል» አለን፤ ባለቤቴ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው፣ በደስታ። ከዚያ እኔ ገልብጬ ልስጥህ ብለው፣ የዕቃው ባለቤት የነካካው ማስረጃ ፍርድ ቤት ውድቅ ይሆናል አለኝ። ባለቤቴ ማያ ገጹን በስልኳ ያነሣችው ፎቶ ነበር፤ በእሱ ላይ ታርጋው የተበተነ ዱቄት ይመስላል፤ ያም ማስረጃ አይሆንም ተባለ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ከነኪቦርዱ፣ ከነሶኬቱ፣ ከነዩፒኤሱ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብቶ በሩን በወረቀት አሸገው፤ የእርስዎንም ክብ ማኅተም መታበት። በቃለ ጉባኤውም ላይ «ባለሙያ እስኪመጣ በነበረበት ሁኔታ ይቆይ» ብሎ ጻፈ፤ ፈረምሁ።

የነበረበት ሁኔታ እየቀዳ ነበር፣ ክቡር ሆይ። እየቀዳ ቆየ።

ይህንኑ ለመርማሪው ያን ጊዜውኑ ነግሬዋለሁ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ራሱን መደምሰስ ይጀምራልና ቢያንስ እናጥፋው አልሁት። ማጥፋትም፣ ከቆጣሪ መቁረጥም፣ ካሜራ መንቀልም መንካት ነው አለኝ፤ ደግሞም ባለሙያው ከዚያ በፊት እንደሚደርስ አረጋገጠልኝ። ሰሌዳውን ጠቅሶ ነው ያረጋገጠልኝ።

3. ስለ ደብዳቤው ጥራት። ባለሙያ የሚጠራው ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ተመልሷል። አንደኛው «ስድስት ካሜራ» በፊደል እንጂ በአኃዝ ስላልተጻፈ፤ ሁለተኛው በአኃዝ ብቻ ስለተጻፈ። ሦስተኛው በሁለቱም ተጽፎ ሲቀርብ ክቡርነትዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ከስብሰባው ሲመለሱ ደግሞ የማኅተሙ ያዥ ሥልጠና ሄዷል። ሥልጠናው ስለ ፈጣን አገልግሎት አሰጣጥ መሆኑን ጸሐፊዎ ነግራኛለች። እኔ ሳይቃጠል በቅጠል እያልሁ በየቀኑ ስመላለስ፣ እሷ በጣም በትሕትና «ጋሼ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብላ ወንበር ሰጥታኛለች። ስለ ወንበሩ አመሰግናለሁ። እንቁላሉ እግር እስኪያበቅል ድረስ፣ እግር ያላቸው አባቴ የት እንደሚደርሱ ግን አልጠየቀችኝም፤ ጨዋ ልጅ ናት።

4. በዘጠነኛው ቀን መብራት ጠፋ። በዕድሜዬ መብራት ሲጠፋ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። እኔና ባለቤቴ ቁም ሳጥኑ ፊት ለፊት ተቀምጠን ማራገቢያው እስኪቆም ጠበቅን፤ ቢቆም እኛ አልነካነውም፣ ማኅተሙም አልተቀደደም፣ ምስሉም ይተርፋል። ሦስት ሰዓት ተኩል ጠበቅን። የእኔ ምርጥ ዩፒኤስ ግን አራት ሰዓት ያቆያል፤ ባትሪው ሊያልቅ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው መብራቱ መጣ። ፕሮሰሰር ያመጣልኝ ያ አሮጌ ኮምፒውተር ቢሆን ኖሮ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ግሎና ድርቅ ብሎ የአባቴን መንገድ አቅፎ ይቀመጥልኝ ነበር። ይህ ጥፋት የእርስዎ አይደለም፤ ሐቀኛ መሆን ስላለብኝ ነው የምጽፈው።

5. በአምስተኛ ደረጃ የማመሰግንበት ነገር ባገኝ ደስ ባለኝ።

አሥራ አምስቱ ቀን የሞላው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ፕሮሰሰር አስልቶ ሰዓቱን ሳይቀር ነግሮኛል። ባለቤቴ የስፌት መቀሷን አምጥታ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችና «ቅደደው። ከታሰርክ እኔ ስንቅ አመላልሳለሁ» አለችኝ። ቀልዷን አልነበረም። መቀሱን አንሥቼ ነበር። ከዚያ ግን የተቀደደ እሽግ ይዤ ብቀርብ ማስረጃው አይሠራም፣ ባይሠራ ደግሞ አባቴን በገዛ እጄ አጠፋኋቸው ማለት ነው ብዬ አሰብሁና መልሼ አስቀመጥሁት። ቢሮዎ ሮጥሁ፤ የማኅተሙ ያዥ ከሥልጠና አልተመለሰም። ቤት ስገባ ማራገቢያው እንደ ወትሮው ጸጥ ብሎ ይዞራል። ባለቤቴ መቀሱን ወስዳ ሥራዋን ጀምራለች። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚህ ጉዳይ አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ለምን አልቀደድኸውም ብለው የሚጠይቁኝ ብዙዎች ናቸው። መልሴ አጭር ነው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ማኅተም ሳይ እጄ ይታሰራል። እኔም በዘመኔ ሰው አመላልሻለሁ፤ አንዲት እናት የልጇን ፋይል ፍለጋ ሰባት ቀን ስትመጣ፣ ሰባቱንም ቀን «ነገ ተመለሺ» ያልኋት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ሥራዬን በአግባቡ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ክቡርነትዎ ከእኔ የተለየ ነገር አደረጉ ለማለት አልደፍርም፤ ከእኔ የሚለዩት በወንበርዎ ከፍታ ብቻ ነው።

6. ስለ ባለሙያው። በሠላሳ አራተኛው ቀን መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፤ እሱ ግን የጮኸ ሰው አይደለም፣ ለስላሳ ሰው ነው። እሽጉን በሥነ ሥርዓት ፈታ፣ ፎቶ አነሣ፣ ዲስኩን አየ። በሪፖርቱ ላይ «ማኅተሙ ሳይነካ ተገኝቷል፤ ኮምፒውተሩ ያለ አንዳች እክል በመሥራት ላይ ነው፤ የተጠየቀው ቀን ምስል የለም» ብሎ አሰፈረ። ሦስቱም እውነት ናቸው። ከሳምንት በኋላ ክቡርነትዎ የፈረሙበት ደብዳቤ ደረሰኝ፤ እሽጉን አክብሬ በመጠበቄ አመስግነውኛል፣ ፋይሉም በማስረጃ እጦት መዘጋቱን አሳውቀውኛል። ምስጋናዎን በምስጋና መመለስ ስላለብኝ ይኸው ይህን ጻፍሁ።

አሁን የምለምነው ነገር የለኝም። አባቴን ያገኟቸዋል ብዬ አልጠብቅም፤ እኔም ብሆን ከእንግዲህ አገኛቸዋለሁ ብዬ ለሰው መናገር አቁሜያለሁ። በእግር የሚደረስበትን መናኸሪያ ሁሉ ዞሬያለሁ። ጠዋት ጠዋት ሳሎኑ ውስጥ ወንበራቸው ባዶውን ሲሆን፣ የምንመልሰው መልስ አለን፤ የሚጠይቀን ነው የጠፋው።

ከደጃፍዎ ወንበር ለአንድ ቀን ፈቃድ ጠይቄ፣ ለሥልጣንዎ ዕድሜ፣ ለማኅተምዎም ቀለም እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ጎንበስ ብዬ የምሰናበት፣

የጡረተኛው አውቶቡስ ሹፌር ልጅ
(በእናንተ ዘንድ፦ የተዘጋ ፋይል)

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት፣ ከአምስቱ ጎን እንዲያስተኙት
ለባለቤቴ፣ ትክክል ለነበረችው
ለፕሮሰሰር፣ ያን አሮጌ ኮምፒውተር ለሌላ ባለጉዳይ እንዲያስቀምጥ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ አንድ የምሥራች ስለደረሰኝ ሳልጨምረው አላልፍም። ባለፈው ሐሙስ ክቡርነትዎ የሠፈራችንን ነዋሪዎች ለማወያየት መጥተው ሳለ፣ በራችን ላይ ያቆሙት መኪና የግራ ስፖኪዮ ተሰርቆ ነበር። ስድስተኛው ካሜራችን ሌባውን ከነፊቱ ቀድቶታል። ባለሙያው ስርቆቱ በታወቀ በአርባ ደቂቃ ውስጥ በቢሮ መኪና ደረሰ፤ ደብዳቤ አልያዘም፣ ማኅተም አልያዘም፣ የያዘው ፍላሽ ብቻ ነው። ገልብጦ ለመጨረስ አራት ደቂቃ በቃው። ስፖኪዮው ማምሻውን እንደተገኘ ሰምተናል፤ እንኳን ደስ አለዎ። ባለሙያው ፍላሹን ነቅሎ ሲወጣ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ፣ ያኔ ለአባባ ጊዜ ለምን እንዲህ እንዳልመጣ ጠየቀችው። ፍላሹን ኪሱ እየከተተ፣ ያኔ ማንም እንዳልደወለለት ነገራት።