ተርኪው እስኪቀዘቅዝ የተናገሩት የሻለቃ ባሻ አርዲስ ኦስትሩፕ የሕይወት ታሪክ

ሻለቃ ባሻ አርዲስ ኦስትሩፕ ከአባታቸው ከአቶ ኢንግቫር ኦስትሩፕና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤድና ሆልም፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1956 በኔብራስካ፣ በፕላት ወንዝ ዳር በምትገኘው በሄልስበርግ መንደር ተወለዱ። ወቅቱ የበቆሎ መሰብሰቢያ ስለነበር አባታቸው ሕፃኗን ያዩት በሦስተኛው ቀን ነው ይባላል። አርዲስ በዚህ ቂም አልያዙም፤ በቆሎ በቆሎ ነው ይሉ ነበር።

አቶ ኢንግቫር ለቤታቸው አንድ ሕግ ትተው ነው ያለፉት። በየኖቬምበሩ በሚከበረው የምስጋና ቀን ማዕድ ላይ ከታናሽ እስከ ታላቅ ሁሉም በየተራው ፈጣሪውን የሚያመሰግንበትን ነገር ሳይናገር ማንም ሹካ አያነሳም፤ የሚናገረውንም ማቋረጥ ክልክል ነው። ይህን ሕግ መጀመሪያ ለክፋት የተጠቀሙበት ታላቅ ወንድማቸው ሚልተን ናቸው። በልጅነታቸው ጎመን የቀረበላቸው ቀን ስለ ዝናቡ፣ ስለ ላሞቹና ስለ አገሪቱ ፕሬዚዳንቶች በየስማቸው አመስግነው ማዕዱን ሁሉ በረዶ አድርገውታል። ሰውየው አንድ ቀን ሴናተር እንደሚሆኑ ቤተሰቡ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረበት። ይህን የምለው እኔ ማርሊስ፣ የሚልተን ባለቤት ነኝ፤ ስለዚህ ሐሜት አይደለም።

አርዲስ ግን ቃል ቆጣቢ ነበሩ። ምስጋናቸው ዓመት በመጣ ቁጥር ያው ነው፦ “ስለ ጤናና ስለ ሞተር ዘይት።” ትምህርታቸውን በመንደራቸው እንዳጠናቀቁ በ1976 በሠራዊቱ ተቀጥረው የከባድ መኪና ጥገና ሙያ ተማሩ፤ በጀርመንና በኩዌት አገልግለው እስከ ሻለቃ ባሻነት ደረሱ።

በ1983 ካንሳስ ሳሉ ቬርና ፒኬት የተባሉ ሴት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር አውቶቡሳቸው ከጦር ሰፈሩ በር ላይ ቆመባቸው። አርዲስ ጠገኑላቸው። በማግስቱ አውቶቡሱ እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ ቆመ። ቬርና ሽቦውን ራሳቸው እንደነቀሉት ያመኑት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በዚያን ዘመን ሴት ሆና ሴት እንደምትወድ፣ ወንድ ሆኖ ወንድ እንደሚወድ የታወቀበት ወታደር ይባረር ነበር። ኋላም ደንቡ “እኛ አንጠይቅም፣ እናንተም አትናገሩ” ወደሚል ተለወጠ። ሁለቱ አንድ ጣራ ሥር ኖሩ፤ ለጎረቤት ቬርና ተከራይ ናቸው። ኪራይ ከፍለው የማያውቁ፣ የሳሎኑን መጋረጃ የሚመርጡ ተከራይ። የአርዲስ አዛዥ ኮሎኔል እሑድ እሑድ የቬርናን የዱባ ፓይ እየበሉ አንድም ቀን ምንም አልጠየቁም። የአደባባይ ምስጢር ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ሳቁ የቆመው በ2004 ነው። ኢራቅ ውስጥ አርዲስ ከሚጠግኑት መኪና አጠገብ ፈንጂ ፈንድቶ ክፉኛ ቆሰሉ። ሠራዊቱ የሚያውቀው የቅርብ ዘመድ ወንድማቸውን ብቻ ስለነበር ለሚልተን ተነገራቸው። ሚልተን በምርጫ ዘመቻ ላይ ነበሩ። ለቬርና መንገር “እህቴ የትዳር ያህል ሰው አላት” ብሎ ማመን ሆነባቸውና ዛሬ ነገ ሲሉ ቀናት አለፉ። ቬርና የሰሙት ሚልተን ስለ ጀግናዋ ቁስለኛ እህታቸው በምርጫ ንግግር ሲተርኩ፣ በአውቶቡሳቸው ሬዲዮ ነው። አውቶቡሱን ዳር አስይዘው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ አርዲስ የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ክፉ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነገራቸው፣ ሞትም ሲመጣ ከሣጥናቸው ላይ የሚነሳውን ባንዲራ የሚረከቡት ቬርና እንዲሆኑ።

ያን እገዳ የሚያነሳው ሕግ በ2010 ሴኔት ሲደርስ መንገዱን ዘግተው የጠበቁት ሚልተን ናቸው። በሴኔት ደንብ አንድ ሰው ተነስቶ “እቃወማለሁ” ካለ ነገር ይጓተታል፤ ሚልተንም መነሳት አይታክታቸውም። ጥናት ይቅረብ አሉ። ጥናቱ ሊቀርብ ሲል ጥናቱን የሚያጠና ሌላ ጥናት ይቅረብ አሉ። ረቂቁ ከመጀመሪያ ገጽ እስከ መጨረሻው ጮክ ተብሎ ይነበብ ብለው የምክር ቤቱን አንባቢ ድምፅ አዘጉት። እቤት ሲመጡ “እህትህስ?” ስላቸው “እኔ አርዲስን ምን አደረግኳት? ጊዜው አይደለም ነው ያልኩት” ይሉኛል።

የዚያ ዓመት የምስጋና ቀን በእኛ ቤት ዋለ። የበዓሉ ትልቅ ዶሮ፣ ተርኪው፣ ጥሩ ተጠብሶ ከነመረቁ ቀረበ። ታናናሾቹ አመስግነው ተራው አርዲስ ጋ ደረሰ። ስለ ጤናና ስለ ሞተር ዘይት ስንጠብቅ፣ ሻለቃ ባሻዋ ወንበራቸውን ገፋ አድርገው ተነሱ።

“በመጀመሪያ፣” አሉ፣ “ወታደር ሆኜ ስለፈታሁት የመጀመሪያ ካርቡረተር አመሰግናለሁ።” ከዚያ ስለ ሁለተኛው። ከዚያ መኪናው በየዓይነቱ፣ ብሎኑ በየመጠኑ ተመሰገነ።

“አርዲስ፣ ምግቡ እኮ ቀዘቀዘ!” አሉ ሚልተን።

“ጊዜው አይደለም ወንድሜ። ገና ፍሬኑን እያጠናሁ ነው።”

“ይኼ ማዕድ እንጂ ሴኔት መሰለሽ እንዴ?”

ዘጠና ዓመት የሞላቸው አክስት ኢንጋ በሹካቸው ጠረጴዛውን መቱ። “ዝም በል አንተ! የአባትህን ሕግ ልታፈርስ ነው? የጎመኑ ቀን እኛ አፋችንን ይዘን ሰምተንህ የለም?”

ሚልተን ወደ እኛ ዞሩ። “ንግግሩ ይብቃ የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ!” የወጣው አንድ እጅ ነው፤ እሱም የራሳቸው። እኔ ርሃብ ሆዴን እየቆረጠኝ እጄን ከጠረጴዛው ሥር ደበቅኩ።

አርዲስ የመጨረሻውን ጎማ አመሰገኑ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ።

“ስለ ቬርናም አመሰግናለሁ። ተከራዬ አይደለችም። አገሬ አትናገሪ ስላለችኝ፣ ሰው የለኝም እያልኩ ኖሬያለሁ። ሚልተን፣ ስቆስል ለአንተ ነገሩህ፤ አንተ ለሬዲዮ ነገርክ። ስሞት ባንዲራዬን ለአንተ እንዲሰጡብኝ አልፈልግም። በእሷ ፊት ተንበርክከው ይስጧት። ጨርሻለሁ።”

ተራው የሚልተን ነበር። ጎመን ላለመብላት እንኳ ንግግር ያላጡት ሰው ያን ቀን ቃል አጡ። ተርኪውን ቀዝቃዛውን በላነው፤ መረቁም ረግቶ በቢላ የሚቆረጥ ሆኖ ነበር። እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ግን የለም።

በዲሴምበር ድምፅ የተሰጠ ዕለት ሚልተን ሴኔት አልተገኙም። ጥርሳቸውን አሟቸው ሐኪም ቤት እንደነበሩ ለጋዜጠኞች ተናገሩ። የላዩም የታቹም ጥርሳቸው ሰው ሠራሽ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ዛሬ እናንተም አወቃችሁ። ጀግንነት ነበር አልልም፤ ሸሽተው ነው። ቢሆንም ከመንገዱ ላይ ዞር አሉ፤ ሕጉም አለፈ። አርዲስ ደውለው “ጥርስህን እንዴት አደረገህ?” አሏቸው። “ተሽሎኛል” አሉ።

በ2011 ማብቂያ አርዲስ ጡረታ ሲወጡ ለትዳር ጓደኛ የሚሰጠውን አበባ ቬርና ተቀበሉ። እኚያ ፓይ በል ኮሎኔል መድረክ ላይ ወጥተው “እስቲ ዛሬ ልጠይቅ፤ እኚህ ማን ናቸው?” አሉ። “የእኔ ሰው ናት፣ ጌታዬ” አሉ አርዲስ። “በፓዩ ጠርጥሬ ነበር” አሉ ኮሎኔሉ። በተከታዩ ዓመት ሁለቱ ድንበር ተሻግረው፣ እንዲህ ያለው ጋብቻ በተፈቀደባት በጎረቤት ግዛት በአዮዋ ተጋቡ።

ሻለቃ ባሻ አርዲስ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በማርች 8 ቀን 2023 በቤታቸው ዐረፉ። ለቬርና መርዶ የሚነግር አላስፈለገም፤ እጃቸውን ይዘው ነበርና። ቬርናም ዓይናቸውን ሳይጠርጉ መጀመሪያ የደወሉት ለሚልተን ነው። አንዲት ሰዓት አላሳለፉባቸውም። ሚልተን ስልኩን እንደያዙ ወለሉ ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ቬርና ፒኬት፣ ከወንድማቸውና ከእኔ ሌላ የወንድም ልጆችና ቬርና በአውቶቡስ ያመላለሷቸው፣ አርዲስን “አክስታችን” የሚሉ የመንደሩ ልጆች ሁሉ በሐዘን ቀርተዋል። ሚልተን ዛሬ እዚህ ንግግር ላድርግ ብለው ቬርናን ጠይቀው ነበር። ቬርና “እቃወማለሁ” አሉ፤ ደንብ ደንብ ነውና ሚልተን ተቀመጡ። ባንዲራው ሲታጠፍ ሁላችሁም እንድትቆሙ ትለመናላችሁ። ወታደሩ የሚንበረከከው በቬርና ፊት ነው።

እግዚአብሔር የሻለቃ ባሻ አርዲስን ነፍስ በቀኙ ያኑርልን። ይህን የሚቃወም የለም፤ ሚልተንን ጠይቄያቸዋለሁ።