ሞጣ የደረሰው ሙሾ

ኅዳር 6/1978፣ ማታ

ውኃ ቀድቼ ገባሁ። ማስታወሻዬ፣ ለመናገር አፍራለሁ እንጂ ዛሬ ኮርቼ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የመጡት መምህርት የአክስቴን ድምፅ በቴፕ ቀዱ። የሚያጠኑት ስለ ሙሾ ነው። ቢቸና ላይ አክስቴን የሚያህል አልቃሽ የለም፤ ለቅሶ ቤት አፏን ስትከፍት ወንዱም ይንሰቀሰቃል።

ዛሬ ግን የሞተ ሰው የለም። ያለ ሬሳ አላለቅስም ብላ ነበር። የቀበሌው ሊ/መንበር ከመምህርቷ ጎን ቆሞ፣ ምነው እትዬ ጥሩነሽ፣ መንግሥት የላከውን እንግዳ ታሳፍሪያለሽ? አላት። ዝም አለች። መምህርቷ ዝምታዋን እሺታ አደረጉት። ከቀዳሁት ያልወደዳችሁት ካለ ንገሩኝ፣ አጠፋዋለሁ ብለዋል። ክፉ ሰው አይደሉም።

ሙሾ ያለ ስም አይወርድም። አክስቴ በማታውቀው ሰው ስም ጀመረች። አልሆነላትም። ከዚያ አፏ የልጇን ስም ጠራ። አንተነህን። ሰሜን ዘምቷል እንጂ አልሞተም። መምህርቷ አንተነህ ማን እንደሆነ አያውቁም። ሊ/መንበሩ ሰዓቱን ያያል።

ኅዳር 8

አክስቴ እህል አልቀምስ ብላለች። በቁሙ አለቀስኩለት ትላለች። ቴፑ በተከፈተ ቁጥር ልጄ ይሞትብኛል አለችኝ። መምህርቷ ደግሞ ካሴቱን ይዘው ሞጣ ሄደዋል።

ቀበሌ ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ የምናገረው መጀመሪያው ጠፋኝ። እንደምንም አክስቴ ያለችውን ነገርኩት። አንቺ ልጅ፣ ካሴት ሰው ሲገድል የት አየሽ? አለ ሊ/መንበሩ። ያሉት ሁሉ ሳቁ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ኅዳር 11፣ ከቀትር በኋላ

የባሰ መጣ። የጨው ነጋዴው አያ ሙሉ ከሞጣ ሲመለሱ በቀጥታ ወደ እኛ ቤት። ደጃፍ ላይ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። እግዚአብሔር ያጽናሽ አሏት።

ለካ መምህርቷ የሞጣ አልቃሾች እንዳያፍሩ የአክስቴን ካሴት ያሰሟቸዋል። እዚያም ድምፅዋን የማያውቅ የለም። እናት በልጇ ስም ስታለቅስ ማን ይጠራጠራል? የሰማው ሁሉ ነፍስ ይማር እያለ ነው።

አልሞተም አልኩ። ድምፄ ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም። አያ ሙሉ ደነገጡ፤ ምን ጉድ ነው ያመጣሁት እያሉ ጋቢያቸውን መልሰው አቃኑ። አክስቴ ግን ከመደቡ ወርዳ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እነዚያ የመንግሥት ሰዎች መሞቱን ያውቁ ነበር ማለት ነው አለች። አልቅሺ ያሉኝ ለዚህ ነው።



ኅዳር 12

ጎረቤት ይገባል፣ ይወጣል። ድንኳን ይተከል የሚሉ አሉ። ይቆይ የሚሉም አሉ። አንዷ ሴትዮ፣ እናት ካለቀሰች ምን ቀረ? ስትል ሰማኋት።

የአንተነህ ደብዳቤ ከቀረ ቆይቷል። እውነት በሕይወት አለ? እኔስ ምን አውቃለሁ። ማስታወሻዬ፣ ይህን ላንቺ ብቻ ነው የምለው። አክስቴ ብትሰማኝ አታተርፈኝም። ወይም ታምነኛለች፣ እሱ ይብሳል።

ከሰዓት አያ ሙሉን መንገድ ላይ ጠብቄ ሞጣ እንዲወስዱኝ ለመንኳቸው። ጠዋት ወደ ሞጣ የሚሄደው የጭነት መኪና ላይ ከጆንያው ጋር ትቀመጫለሽ አሉኝ። ከቢቸና ብቻዬን ወጥቼ አላውቅም።

ነገ መምህርቷን አገኛቸዋለሁ። ካሴቱን እንዲያጠፉ እነግራቸዋለሁ። ማጥፋቱ ብቻ ግን አይበቃም። ከእኔ ጋር ቢቸና ይመለሱ። አክስቴ ፊት ቁጭ ብለው፣ ስለ ልጅሽ የማውቀው ነገር የለም ይበሏት። የእኔን ቃል አታምንም፤ ያስለቀሷት እሳቸው ናቸው። እምቢ ካሉኝ ከደጃቸው አልነሳም።