አውድማው ላይ የፈሰሰው ደም

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ዛሬ ጎረቤቴን እሸቴን በመንሽ ፈነከትኩት። ለውቂያ ደቦ ጠርቼው፣ በገዛ አውድማዬ ላይ።

አረቄ ከተውኩ ወዲህ ይህ ገላ የኔ አይደለም። ጠዋት በሬዎቹን ስነዳ ጉልበቴ ከዳኝና ገለባው ላይ ተዘረርኩ። የጤና ጣቢያዋ ልጅ "ድካሙ ያልፋል፣ ታገሥ" ብላኝ ነበር። መቼ ነው የሚያልፈው? እሸቴ መለኪያውን ሞልቶ መጣ።

"አንዷን ጨልጥና ተነስ! ያለሷ አንተ ሬሳ ነህ" አለኝ።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እምቢ ስለው አገጬን ጨምድዶ አፌ ላይ ደፋብኝ። ምላሴ ቀመሰው። ጣፈጠኝ። ያኔ መንሹን አነሳሁ።

ከወደቀ በኋላም መታሁት። ተረባርበው ባይዙኝ እገድለው ነበር።

እኛ አውድማ የምንገባው ጫማችንን አውልቀን ነው። በረከቱ እንዳይሸሽ ክፉ ቃል እንኳ አይወጣንም። እኔ ደም አፈሰስኩበት። አባቴ ደም የነካውን ገብስ በእጃቸው እያፈሱ ወስደው ገደል ጨመሩት።

የእሸቴ ጭንቅላት ተሰፍቷል፣ ይተርፋል አሉ። ነገ ሽማግሌ ይቀመጣል።

ማታ ባለቤቴ እግሬን እያጠበችኝ "ሰክረህ እንኳ ሰው መትተህ አታውቅም" አለችኝ። ቀና ብላ አላየችኝም።

አሁን ይህችን ስጽፍ እንኳ እጄ ዝሏል። የሚያስፈራኝን ግን ለሷም አልነገርኳትም። እሱን ስመታ ምንም አልደከመኝም።