ትንሽ ይረፍ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዓለም ባንክ ሰፈር ያለው ክሊኒካችን ዛሬም ተጨናነቀ። የራጅ ፎቶ ወደ ሌላ ዲስክ በተገለበጠ ቁጥር ኮምፒውተሩ ፎቶውን በሜሞሪው ይይዝና እዚያ የነበረውን የበሽተኞችን ካርድ ገፍቶ ያስወጣዋል። ጠዋት መገልበጫው ፕሮግራም ላይ «ይህን ደግሜ አልፈልገውም፣ አትያዝልኝ» የምትል መስመር ጨመርኩ። ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለችም፤ ግን ሰማኝ። ካርዶቹ ቶሎ ቶሎ ይከፈቱ ጀመር።

ከምሳ ስመለስ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል። የካርድ ክፍሉ ጋሽ ደምሴ ናቸው ያጠፉት።

«ሲሮጥ ነው ያረፈደው፣ ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው ልጄ።»

ሲጠፋ በሜሞሪው የያዘውን ሁሉ እንደሚረሳ ስንቴ ነገርኳቸው! ሲበራ እያንዳንዱን ካርድ ከዲስኩ እንደ አዲስ እየተንቀራፈፈ መፈለግ ያዘ። ትኩሳት ያለበት ሕፃን የታቀፈች እናት መስኮቱ ሥር ቆማ ትጠብቃለች። አዝነውለት ነው ያጠፉት፣ ምን ብዬ ልቆጣቸው?

እሳቸው ስክሪኑን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አየሽ፣ ዕረፍቱ አልበቃውም» አሉና እጃቸውን ወደ ማጥፊያው ሰደዱ።