የጠፋ ሞተ አይባልም

ቡታጅራ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1963
ዝናብ። የሳንባ በሽተኞች ተራ። አሥራ አራት ሰው መርፌ ወጋሁ። የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ ገሠሠ መዝገቤን አገላበጡና፣ «አርባ ጀምረው አሥራ አራት ቀሩ?» አሉኝ።
«ዘጠኝ ሞቱ። አሥራ ሰባት ጠፉ።»
«የጠፋ ሞቷል። ሃያ ስድስት ሙት ብለሽ አስተካክዪ፣ እሌኒ።»
እንዲህ ከተጻፈማ መድኃኒቱ አይሠራም ተብሎ ይቆማል። የቀሩትን በምን ልወጋቸው? አላስተካክልም።

ነሐሴ 15
ከጠፉት አንዱ ወንድሜ ደበሌ ነው። ሚያዝያ 22 ተወጋ፣ «ሳሉ ለቀቀኝ» አለ፣ መርካቶ ለንግድ ሄደ... እዚህ አገር የሚጠፋው የተሻለው ነው። የባሰበትማ የት ይሄዳል? አቶ ገሠሠ ይህን ከየት ይወቁት፣ ከመጡ ገና ስድስት ወራቸው።

ነሐሴ 19
ዶክተር አዳነ ሥልጠና ላይ ያለን ትዝ አለኝ። «ሰውን እስካያችሁት ድረስ ቁጠሩት። ከዚያ ወዲያ አትግደሉት፣ አታድኑትም።»
ዓመቱን ሦስት ቦታ ከፈልኩት። መጀመሪያ አርባ ነበሩ፤ አራት ሞቱ፣ ስድስት ጠፉ። ቀጥሎ ሠላሳ፤ ሦስት ሞቱ፣ ሰባት ጠፉ። በመጨረሻ ሃያ፤ ሁለት ሞቱ፣ አራት ጠፉ። ሁሌም ከአሥሩ ዘጠኙ ተርፏል። ሦስቱን ዘጠኝ አሥረኛ እርስ በርስ አባዛሁ... ከመቶ ሰባ ሦስቱ ዓመቱን ያልፋል። ደግሜ ሠራሁት። ያው ነው።

ነሐሴ 20
«ሊሞቱ ሲሉ የጠፉ ቢሆኑስ?» አሉኝ አቶ ገሠሠ። ጥያቄው ልክ ነው፣ እሱ ነው ያናደደኝ።
«መስቀል ይድረስ። ጉራጌ ለመስቀል አገሩ ካልገባ ያኔ ሙት ይበሉት» አልኳቸው። የሙስሊሞቹን ነገር ነጋዴው ከማሉ መርካቶ ሲወርድ ያጣራልኛል።

መስከረም 17 ቀን 1964
ሦስት ቀን አውቶቡስ ማቆሚያ ቆምኩ። ከጠፉት አንዱ አበራ ወፍሮ ሲወርድ አላወቅኩትም። የከማሉም መልስ ደረሰ። ከጠፉት አሥራ ሰባት አሥራ አራቱ በሕይወት አሉ። የሁለቱ መርዶ አረቅጥ ከተማ ያለው ቤተሰባቸው ዘንድ ደርሶ ኖሯል፤ ሙት ብዬ ጻፍኳቸው።
አንድ ቀረ። ደበሌ። እናቴ የድርሻውን ክትፎ ከድና አስቀምጣለች።

መስከረም 21
አቶ ገሠሠ ሠንጠረዡን ፈረሙ። መድኃኒቱ ይቀጥላል። ከዚያ፣ «ወንድምሽን ግን ሙት በዪው። ራስሽ ነሽ ያልሽው።»
እውነት ነው፣ የገዛ አፌ ነው። ጉራ ነበር። አልጻፍኩም።
«እንግዲያው አለ በዪ።»
እሱንም አልልም።
ቤት ስገባ እናቴ፣ «ሐዘን ልቀመጥ ወይስ ልጠብቅ?» አለችኝ። እስከ ዛሬ «አለ» ነበር የምላት። «አላውቅም፣ እማዬ» አልኳት። አብረን አለቀስን።
መዝገቡ ላይ የጻፍኩት ይኸው ነው፦ ደበሌ፣ እስከ ሚያዝያ 22 በሕይወት ታይቷል።