ፉርቃንን ከሱቁ ፊት አቆምኩት

ለወንድም ጋሼ ሙህዲን፤ አሰላሙ ዐለይኩም። ወልቂጤ ላይ ከነቤተሰብዎ እንዴት ሰነበቱ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የጨርቁም ገበያ አይከፋም።

ታናሻችን ፉርቃን ሐሺሽ ይዞ ተገኝቶ የተከሰሰበት ጉዳይ ተፈረደ። እርስዎ «ይታሰርና ይማር» ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን እሺ አላልኩም። መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ፣ ወይዘሮ በለጥሻቸው፣ «ሱሰኛ እንጂ ሻጭ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ሕክምና ነው» ብላ ተከራከረችለት። ዳኛው «ማን ይከታተለዋል?» ሲሉ ብድግ ብዬ «እኔ እህቱ!» አልኩ። ቅጣቱ በገደብ ሆነለት፤ እየታከመ ከእኔ ጋር ይኖራል።

የጎን ሱቁ ጋሼ ማሙሸት «ጓዳ አስቀምጪው፣ ደንበኛ ይሸሽብሻል» አሉኝ። ጭራሽ ከፊት አቆምኩት። የሚሸሽ ይሽሽ! ፍርድ ቤት ያላፈርኩበትን ወንድሜን ሱቄ ውስጥ አልደብቀውም።

ጨርቅ ሲለካ አንዳንዴ ቁጥር ይሳሳታል፤ ሐኪሙ ይለቀዋል ብሏል። ትናንት አብነት ሰፈር ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጣና ቆየ። እስኪመለስ በር ላይ ቆሜ ገበያተኛ እንኳ አላስተናገድኩም። ሲመጣ የት ነበርክ አላልኩትም፤ ምሳውን አቀረብኩለት።

እባክዎ ይደውሉለት። እኔን ለምዶኛል፤ የእርስዎን ድምፅ ግን ይናፍቃል። ለበዓል እደውላለሁ እንዳይሉኝ፤ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰዎ ይሁን።

አላህ ጤናዎን ይጠብቅልን።
አክባሪ እህትዎ ሀፍሷ፣ ከመርካቶ