ለሸምሱ፦ ስለ አግዳሚ ወንበርህና ፊት ለፊታችን ስለተከፈተው ሱፐርማርኬት

ሸምስዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ለጤናህ እንደምን አለህ ይባላል። አንተን ይህን እንዴት ብዬ እንደምጠይቅህ ግራ ስለገባኝ የኛን ልንገርህ፤ እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ከሄድክ ወዲህ ሁለት ረመዳን ያለ አንተ ጾምን። በመጀመሪያው፣ አፍጥር ሳቀርብ እጄ ለምዶ ያንተን ሳህን ያወጣ ነበር። ዘንድሮ አላወጣም። ረሳሁህ ማለት አይደለም፤ እጄ ስለተማረ ነው።

ልጅህ ኢክራም ተመርቃ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ቢሮ ገብታለች። ጠዋት በሰርቪስ ትሄዳለች፣ ማታ ደክሟት ትመጣለች፣ ግን ሂሳብ ሳታስተካክልልኝ አትተኛም። ነገረ ሥራዋ ሁሉ ያንተ ነው፤ ስትናደድ እንኳን እንዳንተ ዝም ነው የምትለው። የሚያፈሰውን የሱቅ ጣሪያ አሠራሁት። በየክረምቱ «ዘንድሮ አሠራዋለሁ» እያልክ ባልዲ የምትደቅንበትን ቦታ ታስታውሳለህ? ባልዲውን አሁን ኢክራም አበባ ተክላበታለች።

ትልቁ ወሬ ግን ሌላ ነው። ተቀመጥ ልበልህ መሰለኝ።

ፊት ለፊታችን የነበረው ጣውላ መሸጫ ተነስቶ ሱፐርማርኬት ተከፈተበት። ሱፐርማርኬት ስልህ እንደ መናኸሪያው አካባቢ ዓይነት እንዳይመስልህ። አዲስ አበባ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው፣ የራሱ ጄኔሬተር ያለው፣ በሩ ሰው ሲጠጋ በራሱ የሚከፈት ነው። የሱቃችን ደጅ ያለውን አግዳሚህን የሠራህበትን ቁርጥራጭ ጣውላ ለምነህ ያመጣኸው ከዚያ ግቢ አልነበር? አሁን እዚያው ቦታ ላይ አይስክሬም በፍሪጅ ተደርድሮ ይሸጣል።

ግንባታው ሲጀመር የሰፈራችን የአዲስ ከተማ ሰው ለሁለት ተከፈለ። ወጣቶቹ ደስ አላቸው፤ ሥራ ይገኛል፣ ሰፈሩ ያምርበታል አሉ። ቤት አከራዮች ከሁሉ ቀድመው ኪራይ ጨመሩ። ትልልቆቹ ደግሞ ባጃጅ የሚዞርበት እንኳን ሊጠፋ ነው እያሉ አጉረመረሙ። እኔ ግን ማታ ማታ የቀኑን ሽያጭ ደጋግሜ እቆጥር ነበር። አልጋ ላይ ሆነህ እጄን ይዘህ ያልከኝ ቃል ትዝ ይለኛላ። «ረውዳ፣ ባይሸጥ እንኳን ሱቁን አትዝጊው» ነው ያልከኝ። ያኔ የበሽታ ወሬ መስሎኝ ነበር። ባይሸጥ እንኳን የሚከፈት ሱቅ የት አለ? ቢሆንም ቃል ገባሁልህ። እና የዚያ ሕንፃ መስታወት በየቀኑ ከፍ ባለ ቁጥር፣ ቃሌን የማጥፈው መቼ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

የተመረቀ ቀን ሰፈሩ እንደ ሠርግ ነበር። ፊኛ ተሰቅሎ፣ ሙዚቃው ተለቆ፣ ሰው ሁሉ የክት ልብሱን ለብሶ ወጣ። እትዬ አየለች፣ እኒያ ከጎናችን ያሉት፣ የራሳቸውን ነገር አመጡ። አዲስ ጎረቤት ጋ ባዶ እጅ አይገባም ብለው ትልቅ ዳቦ ደፍተው፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍነው፣ ተሸክመው ሄዱ። ጥበቃው ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው አላቸው። የሚያደርገው ቢጠፋው ዳቦውን ተቀብሎ፣ እንደ ማንኛውም ዕቃ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ፣ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስቲክ ሰጣቸው። እትዬ ያን ፕላስቲክ በእጃቸው እያገላበጡ ወደ ሱቃችን መጡና አግዳሚው ላይ ተቀምጠው «ዳቦዬን በቁጥር ተቀበሉኝ» አሉ። ሳቄን ለመዋጥ ወደ ጓዳ ገባሁ። ብትኖር አንተም ትገባ ነበር።

በሳምንቱ የዕድር ስብሰባ ነበር። ጋሽ ወልዴ፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ሊቀመንበርነቱን አሁንም አልለቀቁም፤ ተነሡና ስለ አንተ ንግግር አደረጉ። ሸምሱ ዝናብ ሲዘንብ ያስጠለለን፣ ለቅሶ ሲኖር ሱቁን ዘግቶ ድንኳን የተከለ ሰው ነው፣ የዚህ ሰው ሚስት እያለች ተሻግረን ብንገዛ ምን ይሉናል አሉ። ሰው አጨበጨበ። ማንም ከዚያ ሱፐርማርኬት እንዳይገዛ ተባለ። እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ፣ ግን የጠየቀኝ የለም። አለቀስኩ፤ ስለ አንተ እንደዚያ ሲባል ስሰማ እንዴት አላለቅስ። እነሱ ግን ማልቀሴን ስምምነት አድርገው ወሰዱት።

ከዚያ ምን ሆነ መሰለህ? ሁሉም ይገዛል። ሰው ነው፣ ምን ያድርግ? ዘይቱ እዚያ ሲገኝ እኔ ጋ የለም፣ የሕፃን ወተቱ እኔ ጋ የለም። የእትዬ አየለች የልጅ ልጅ ትዕግሥት ደግሞ እዚያው ካሸር ሆና ተቀጠረች፤ እትዬ ልጅቱን በዩኒፎርም ሊያዩ ካልሄዱ ማን ይሂድ? ችግሩ መግዛታቸው አልነበረም። ችግሩ እኔን ማፈራቸው ነው። የሱፐርማርኬቱን ስም የያዘ ፌስታል አንጠልጥሎ በሱቄ ፊት የሚያልፍ ሰው ጠፋ። ከኋላ በኩል፣ በዚያ በቆሻሻው ቦይ አጠገብ ባለችው ቀጭን መንገድ ይዞሩ ጀመር። አንዳንዱ ዕቃውን በጥቁር ፌስታል ገልብጦ፣ በነጠላ ሸፍኖ ይሄዳል። እኔ ሁሉንም አያለሁ፤ ከሱቅ መስኮት የማይታይ ነገር እንደሌለ አንተ ታውቃለህ።

መጀመሪያ አሳቀኝ። ቆይቶ ግን ከፋኝ። ሽያጩ መቀነሱን እቋቋመው ነበር፣ አልዋሽህም፣ ቀንሷልም። ያልቻልኩት አግዳሚው ባዶ መዋሉን ነው። ጠዋት የሚያልፈው ሁሉ «እንደምን አደርሽ» ብሎ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ውሃው መቋረጥ አውርቶ ይሄድ የነበረው ቀረ። በአክብሮት ሸሹኝ፣ ሸምስዬ። ሲጠሉህ ትጣላለህ፣ ሲያከብሩህ ግን ማንን ትጣላለህ?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያ የሐዋሳ ዝናብ ወረደ። ከኋላ በኩል ጩኸት ሰምቼ ስሮጥ እትዬ አየለች ቦዩ አጠገብ ጭቃው ውስጥ ተቀምጠዋል። ተንሸራትተው ነው። ፌስታሉ ተቀዶ ፓስታው፣ ብስኩቱ፣ ብርቱካኑ በየቦታው ተበትኗል። አልተጎዱም፣ አላህ አተረፋቸው። ነገር ግን እኔን ሲያዩ ከመውደቃቸው ይልቅ ዕቃው አስደነገጣቸው። «የኔ አይደለም፣ የሰው አደራ ነው» አሉኝ፣ ጭቃውን ከፊታቸው እንኳን ሳይጠርጉ። ብርቱካኑን ከጭቃው ለቀምኩላቸው። አሮጊት ሴት በእኔ ይሉኝታ ጭቃ ውስጥ ወድቀው፣ ስለ ፓስታ ይዋሹልኛል። ቤት አስገብቼ እግራቸውን አጠብኳቸው፣ ደረቅ ልብስ አለበስኳቸው። ያን ቀን ማታ ኢክራምን ነገ ሱቁን በእኩለ ቀን እዘጋለሁ አልኳት። አመመሽ እንዴ ብላ ግንባሬን ነካች።

በማግስቱ የዒድ ቀሚሴን ለበስኩ። ያቺን ሰማያዊዋን፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ስንሄድ ያ ግዙፍ ወፍ፣ አባ ኮዳው፣ ከኋላዬ ተጠግቶ ጫፏን በምንቃሩ የጎተተብኝን። አንተ እሱን ከማባረር ይልቅ እየሳቅህ ዓሣ ስትወረውርለት ታኮርፍ የነበረችው እኔ ነኝ። እሷን ለብሼ፣ ሱቁን ቆልፌ፣ መንገዱን ተሻገርኩ። አንተን የከዳሁ እየመሰለኝ ነበር፣ አልደብቅህም። በሩ በራሱ ሲከፈት ደግሞ ሳላውቀው «አመሰግናለሁ» አልኩት።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ ደስ የሚል ሽታ አለው። ትንሽ እንደገባሁ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ጋሽ ወልዴን። ጋሪ እየገፉ ነው፣ ጋሪውም ሙሉ ነው። እኔን ሲያዩ ዞር ብለው የሕፃን ዳይፐር አንስተው ማንበብ ጀመሩ። ቤታቸው ውስጥ ካሉት ትንሹ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው። ቀስ ብዬ ሄጄ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ሰላም አልኳቸው፤ ይህን ጋሪ እንዴት እንደሚገፉት ያሳዩኝ አልኳቸው። ፊታቸው ቀላ። ከዚያ መምህር መምህር ነው፣ ማስረዳት ጀመሩ። ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው እያዞሩኝ፣ የቱ ዘይት እንደሚሻል፣ የቱ ሩዝ እንደሚያጣብቅ ነገሩኝ። በአንድ ጊዜ የተማሩት አይመስልም።

እኔ ምን እንደገዛሁ ልንገርህና ሳቅብኝ። ሳሙና። ያንኑ እኛ ሱቅ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን ሳሙና። ደንግጬ ነው፤ እጄ የሚያውቀውን አነሳ። ካሸሯ ትዕግሥት አየችኝ፣ ሳሙናውን አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች። ኢክራም ማታ ስነግራት መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። አንተ ከሄድክ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም ነበር።

ስወጣ ትዕግሥትን ትልቁን ፌስታል፣ ስሙ በጉልህ የተጻፈበትን ስጪኝ አልኳት። አንዷን ሳሙና በዚያ ውስጥ አድርጌ አንጠልጥዬ፣ በመንገዱ መሃል፣ ቀስ ብዬ ሄድኩ። ጋሽ ወልዴም ምርጫ ስላልነበራቸው ከጎኔ የራሳቸውን ሁለት ፌስታል ተሸክመው ተከተሉ። ባጃጅ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ አየን። ፀጉር ቤት ያሉት ሴቶች ካስኩን እንደደፉ በር ላይ ወጡ። ሱቃችን ደርሰን አግዳሚው ላይ ተቀመጥንና ፌስታሎቹን ሰው እንዲያያቸው መሃላችን አስቀመጥኳቸው።

እትዬ አየለች ከደጃቸው ሆነው ያያሉ። ጠራኋቸው፣ እያነከሱ መጡ። ያልኳቸው ይህን ብቻ ነው። «እትዬ፣ የፈለጉትን ከፈለጉበት ይግዙ። ግን በደጄ ይለፉልኝ።»

እትዬ ፌስታሎቹን አየት አድርገው «ሸምሱስ?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ባይሸጥ እንኳን ያልከኝ ገባኝ፣ ሸምስዬ። አንተ ግማሽ ቀን የምትውለው ውጭ አግዳሚው ላይ እንጂ ባንኮኒው ጀርባ አልነበረም። ሰው ሳይገዛ ቁጭ ብሎ ሲሄድ እኔ ስነጫነጭ አንተ ቦታ ትለቅለት ነበር። ያንተ ሱቅ ከመጀመሪያውም ውጭው ነበር። እትዬን «ሸምሱማ የሚያኮርፈው ሳያልፉ ሲቀሩ ነው» አልኳቸው። ከጎኔ ተቀመጡ። ጋሽ ወልዴ ብስኩት ከፈቱልን።

አሁን እንዲህ ነው የምንኖረው። ሱፐርማርኬቱ ሳይከፈት ጠዋት፣ ከተዘጋም በኋላ ማታ፣ ሰው እኔ ጋ ነው የሚመጣው። አንድ ሽንኩርት፣ አንድ እንቁላል፣ መብራት ሲጠፋ አንድ ሻማ፣ እዚያ የሚሸጥልህ የለም። ከቡሹሎ አንዲት ሴት ወተትና አቮካዶ ታመጣልኛለች፤ ጥሩ ይሄዳል። የሱፐርማርኬቱ ጥበቃ ሳይቀር በምሳ ሰዓት መጥቶ አቮካዶ በዳቦ ይበላል። የእትዬን ዳቦ በቁጥር የተቀበለው እሱ መሆኑን አምኖ ይቅርታ ጠይቋቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ፕላስቲኩን እስከ ዛሬ አልመለሱለትም። ዳቦዬን ሲመልስ እመልስለታለሁ ይላሉ። እንደ ድሮው አናተርፍም፣ ግን ይበቃናል። ኢክራም ትጥገብ፣ እኔ ልክፈት፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ።

ትናፍቀኛለህ። ቀን ቀን ብዙም አይሰማኝም፣ ሰው አለ። ማታ ሱቁን ስዘጋ፣ ያን የብረት በር ስጎትት ከውስጥ «ቀስ በይ» የሚለኝ ድምፅ ሲጠፋ ነው የሚሰማኝ። አሁን ለራሴ «ቀስ በይ» እላለሁ።

አግዳሚህን አናጢ ጠርቼ አሳደስኩት፣ የሚቀመጥበት ሰው ስለበዛ። ሁለት ጣውላ ተቀየረ። አንተ የምትቀመጥባትን የጫፏን ግን አላስነካሁም። ጠዋት ሱቁን ስከፍት ቀድሜ የማወጣው እሱን ነው፣ ማታም መጨረሻ የማስገባው እሱን ነው፤ እድሜ እስከሰጠኝ ድረስ እንዲሁ አደርጋለሁ። ቦታህን ግን ባዶ አላስቀምጥልህም። ፌስታል ያንጠለጠለ፣ የደከመው፣ ባጃጅ ያጣ፣ ማንም ይቀመጥባታል። አንተ ባዶ ቦታ አትወድም ነበር።

ሚስትህ ረውዳ